የተውሶ ድባብ

የሦስቱን አብያተ ክርስቲያናት ስም አልጠራም። ታቦታቱን ፈርቼ አይደለም፤ ምእመናኑን ፈርቼ ነው። ስም ልጥራ ካልኩ አንዱን ማስቀደሜ አይቀርም፤ ያልቀደሙት ሁለቱ ደግሞ እስከ ዛሬ ሐረር ውስጥ ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው። ስለዚህ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ብዬ አልፋቸዋለሁ። ላይኛው ከከተማው ግንብ ውጭ ዳገቱ ላይ ያለው ነው። መካከለኛው ከፈላና በር ወጣ ብሎ ይገኛል። ታችኛው ከከተማው ርቆ በድሬ ጠያራ ማሽላ መካከል የተተከለ ነው።

ሦስቱን አንድ ያደረጋቸው ፍቅር አልነበረም፤ ቁጥር ነው። ቅዳሴ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ጣሊያን ወጥቶ አገር ሲረጋ ለላይኛው የተረፈው አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ነበር። ለመካከለኛውም እንዲሁ። ታችኛው አንድ ዲያቆን ብቻ ቀረው፤ እሱም ዓይኑ ደክሞ ከመጽሐፉ ይልቅ ከትዝታው የሚያነብ። ሲደመሩ ልክ አምስት ሆኑ። ከበላይ ትእዛዝ መጣና ቅዳሴው በየሳምንቱ እየዞረ በሦስቱም እንዲቀደስ፣ ንዋየ ቅድሳቱም የጋራ እንዲሆን ተባለ። ታቦቱ የሚጠለልበት ድባብ የላይኛው ነበር፣ ከበሮው የመካከለኛው፣ ምንጣፉ የታችኛው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ ሌሎቹ ሁለቱ በእሱ ንብረት እንደሚኖሩ አምኖ ኖረ።

ሦስቱን የሚያስተዳድር ዘጠኝ ሰው ያለበት ኮሚቴ ነበር፤ ከየአጥቢያው ሦስት ሦስት። በ1949 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ ሐረር ማስተማር ስጀምር ጸሐፊ አደረጉኝ። ጽሕፈቴን አይተው አይደለም፤ የአገሩ ተወላጅ ስላልሆንኩ ከሦስቱ የማንም አይደለም ተብዬ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባዬ፣ በሰንበቴ ቀን ጠላው ለየትኛው አጥቢያ ሰው አስቀድሞ ይቀዳ በሚለው ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ሊቀ መንበሩ ግራዝማች አባይነህ ጡረታ የወጡ ወታደርና የላይኛው አጥቢያ ሰው ነበሩ። ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሰበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ስብሰባው በፍቅር ተፈጸመ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። ኋላ ለሠራሁት ሥራ ትምህርቴን የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው።

እውነቱን ለመናገር ሦስቱን አጥቢያዎች አንድ ያደረጋቸው ኮሚቴውም ትእዛዙም አልነበረም፤ አንድ ልብስ ሰፊና አንዲት አህያ ናቸው። ልብስ ሰፊው እንደሻው ይባላል። አያቱ ከሸዋ ጭፍራ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ አባቱ በጦርነቱ ሞቱ። እንደሻው ጢም ሳያበቅል መኪና ግርግር ገባ፤ የስፌት መኪኖች ከጧት እስከ ማታ የሚጮሁበት ያ ቀጭን መንገድ ማለት ነው። እዚያ ከአንድ ሐጂ እግር ሥር ተቀምጦ ስፌት ተማረ። ሐጂው ሲያልፉ መኪናቸው ለልጃቸው ለኢብራሂም፣ ከመኪናው ጎን ያለው ቦታ ደግሞ ለእንደሻው ቀረ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሃያ ዓመት በላይ ሰፉ። አንዱ ክር ሲያልቅበት ከሌላው መሳቢያ ሳይጠይቅ ያወጣል። ኢብራሂም ለሶላት ሲነሳ እንደሻው ደንበኛውን ያስተናግድለታል፤ እንደሻው ለቤተ ክርስቲያን ሲጠራ ኢብራሂም የጀመረውን ይጨርስለታል። በዚህ ውል የተጎዳው ኢብራሂም ነበር፤ ሶላት በቀን አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱ አጥቢያዎች እንደሻውን የሚጠሩበት ግን ወሰን አልነበረውም።

የጠሩት ዕቃ ቤት አድርገውት ነው። ዕቃ ቤት ማለት ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ወቀሳ ግን አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ምንጣፉን፣ ከበሮውንና ድባቡን በአህያዪቱ ላይ ይጭንና ተረኛው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ሰኞ ማለዳ ይመልሳል። ታችኛው ተረኛ ሲሆን ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ ነው። ደርሶ ሲያራግፍ የሚቀበለው ሰው «ምነው ዘገየህ» ይለዋል፤ ሲመልስ የሚያገኘው ደግሞ «ምንጣፉን አሳሳችሁት» ይለዋል። አህያዪቱ በሦስቱም ቅጥር ግቢ ሣር የሚፈቀድላት ብቸኛ ፍጡር ነበረች። ሚስቱ ወለተሥላሴ «እኔን ያገባኝ አራተኛ አድርጎ ነው፤ ሦስቱን ቀድሞ አግብቷል» ትል ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ስቃ ግን አትጨርሰውም።

እንደሻው አንድ ሀብት ብቻ ነበረው፤ ቀጠሮው። ልብስ ሰፊ ሲባል «ነገ ና» የሚል ፍጡር ነው፤ ነገ ስትመጣም ነገ ነው። እንደሻው ግን ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው። ልብስ ሰፊ ሆኖ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላየሁም። ኢብራሂም ራሱ «ይህ ሰውዬ ገበያችንን ያበላሻል» እያለ ያማው ነበር።

ጥምቀት የሦስቱ አጥቢያዎች ዓመታዊ ጦርነት ነው። ሦስቱም ታቦታት በከተራ ወደ አንድ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ድባቡ ግን አንድ ነው። በስንት ሽምግልና ድባቡ በየዓመቱ እንዲዞር፣ ሁለቱ ታቦታት ደግሞ እንደሻው ዘርፍ ሰፍቶ ባስጌጠው ተራ ጃንጥላ እንዲወርዱ ተስማሙ። በ1955 ዓ.ም. ተራው የመካከለኛው ነበር። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ግራዝማችም ከዘራቸውን በአዲስ ለወጡ።

ድባቡን አይጥ እንደለመደው እንደሻው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመለክት ኖሯል። የቆርቆሮ ሳጥን ይሠራልኝ ነበር ያለው። ጥያቄው ሰባት ጊዜ ቀርቧል። ሳጥኑ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ በሚለው ላይ ስላልተስማማን ሰባት ጊዜ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። የከተራ ዕለት ማለዳ እንደሻው ድባቡን ሊያራግፍ ቢዘረጋው፣ ከብረቱና ከዘርፉ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። ያንን አጽም በብብቱ ይዞ መኪና ግርግር ሮጠ።

«አቦ እንደሻው፣ ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ እንዴ?» አለው ኢብራሂም።

«ድባቡ ሞተ» አለ እንደሻው፣ ብረቱን መሬት ላይ እየዘረጋ።

ኢብራሂም አልሳቀም። ብረቱን በክንዱ ለካ። «ሐር ነው የሚፈልገው?»

«ሐር ነው። ከየት ይመጣል? ቢገኝስ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪፈቅድ ታቦቱ ወርዶ ይመለሳል።»

ኢብራሂም መኪናውን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ሚስቱ ዘምዘም አብራው ነበረች፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ሲፈታ ከዓደን የመጣ ቀይ ሐር ሆነ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ክር የገባበት። በእነዘምዘም ቤት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ቤት የምትወጣው ያንን ተከናንባ ነው። የዘምዘም እናት ተከናንባው ወጥታለች፤ ዘምዘምም እንዲሁ። አሁን ተራው የልጇ የለይላ ነበር። ለይላ ደግሞ እንደሻው መኪና ሥር በጨርቅ ቁራጭ እየተጫወተች ያደገች ናት።

«ወንድሜ እንደሻው፣ ይሄ አማና ነው፤ አደራ» አለችው ዘምዘም። «ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቢቀረው ነው። ኢንሻአላህ ዒድ ካለፈ በኋላ የለይላ ሠርግ ነው። ልጄን ያለዚህ አላወጣትም።»

«እህቴ፣ ሰኞ እጅሽ ይገባል» አላት።

መቀስ አላነሳም። ሐሩን በብረቱ ላይ እያጠፈ፣ አንድ ክር ሲሳብ በሚፈታ ረዣዥም ስፌት አያያዘው። ቀኑ ዓርብ ነበርና ኢብራሂም ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ በሌላው ጎን ተቀምጦ ዘርፉን አብሮት ሰፋ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ድባቡ ተዘረጋ። የመንገዱ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ወጥተው አዩት፤ አንዱ እጥፋቱን አረመ፣ ሌላው ጫፉን አስተካከለ። ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ አልጻፍኩትም።

እንዲህ ያለ ከተራ ሐረር አይታ አታውቅም። ቀዩ ሐር በፀሐይ ሲያበራ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እንግዳው ቆመው አዩና «እንኳን እዚህ፣ አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ድባብ አላየሁ። ከየት አገኛችሁት?» ብለው ጠየቁ። ግራዝማች አባይነህ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ አላውቅም ማለት ግን ልማዳቸው አልነበረም። «የምእመናን ስጦታ ነው» አሉ።

የእንግዳው መኪና ሳይርቅ ምእመኑ የየትኛው አጥቢያ ነው የሚለው ተጀመረ። ግራዝማች ስሙ እንዳይነገር የለመነ የላይኛው ሰው ነው አሉ። ከመካከለኛው አጥቢያ ወይዘሮ በለጡ፣ ሁለት ሱቅ ያላቸው መበለት፣ «ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ» ብለው አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ እጅ ይነሳቸው ጀመር፣ እሳቸውም አልከለከሉም። ከታችኛው አጥቢያ ባሻ ለማ ደግሞ አንድ የድሬ ጠያራ ገበሬ ሁለት በሬ ሸጦ እንደገዛው ማሉ። እንደሻው ይህን ሁሉ አልሰማም። ታቦቱ የሚያልፍበትን ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለለ ከፊት እየዘረጋ ሲሮጥ ነበር።

በማግስቱ ታቦታቱ ሲመለሱ ከሁለቱ ቄሶች አንዱ፣ መምሬ ሽፈራው፣ ደስታቸውን መቻል አቃታቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ከደግነታቸው ብዛት የማይባርኩት ነገር የለም። አዲስ ንዋየ ቅድሳት ያለ ጸሎት አይገባም ብለው ጸሎት ደገሙበት፣ ጠበል ረጩበት፣ ባርከው ከመቅደሱ ዕቃ ጋር ቀላቀሉት። እኔም መዝገቡን ገልጬ «አንድ የሐር ድባብ» ብዬ አሰፈርኩ።

ሰኞ ማለዳ እንደሻው ሊፈታው ሲመጣ መምሬን ደጁ ላይ አገኛቸው።

«አባ፣ ሐሩን ልወስደው ነው። የሰው ነው፤ ዛሬ እመልሳለሁ ብያለሁ።»

«የማን ሰው?»

«የዘምዘም። የኢብራሂም ባለቤት።»

መምሬ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ባርኬዋለሁ እኮ። ለመቅደስ የገባ ነገር ተመልሶ ለዓለም አይወጣም።»

«ሳይጠይቁኝ ባረኩት፣ አባ።»

«ሳትነግረኝ አመጣኸው፣ ልጄ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው። ነገሩ ወደ ኮሚቴው መጣ።

በዚያ ስብሰባ ያየሁትን ትሕትና በሕይወቴ አላየሁም። ሐሩ የዘምዘም መሆኑ ሲነገር ግራዝማች ስለ ሰጪው ማንነት ቀድሞም አላውቅም ብዬ ነበር አሉ። ወይዘሮ በለጡ «እኔ ሰጠሁ ያልኩት መቼ ነው?» አሉ፤ እውነትም አላሉም። የባሻ ለማ ገበሬም ሁለቱን በሬዎቹን በዚያው ቅጽበት መልሶ አገኘ። ሦስት ቀን የተጣሉበትን ክብር አንዱ ለሌላው ሲሸልም ቆየ።

«የሆነ ሆኖ» አሉ ግራዝማች፣ «ለእንግዳው የምእመናን ስጦታ ብያለሁ። አሁን ተነሥቼ የእስላም ሴት የሠርግ መከናነቢያ ነበር ልበላቸው?»

«ደግሞ ተባርኳል» አሉ ወይዘሮ በለጡ።

«ለሴትየዋ ሌላ ነገር ይፈለግላታ» አሉ ባሻ ለማ። ማን ይፈልግ የሚለው ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ድባቡ አይውጣ የሚሉ እጃቸውን ያውጡ ተባለ። ዘጠኝ እጅ ወጣ። ከላይኛው፣ ከመካከለኛውም ከታችኛውም። አብረው በቆዩበት ሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱ አጥቢያዎች ያለ ሽምግልና በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የእኛ ድር ሲያብር ያሰረው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው «መምህርስ?» አሉ። ጸሐፊ ድምፅ የለውም። እጄ ግን ወጣች። ለምን እንዳወጣኋት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ ሰው ሁሉ ስላወጣ ነው፣ ሌላ መልስ የለኝም።

እንደሻው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። «ሰኞ ብያለሁ» አለ።

ሰኞ አለፈ። እንደሻው መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ ኢብራሂምም ከጎኑ ተቀመጠ። ኢብራሂም አልጠየቀም። ረመዳን ገባ፤ ዘምዘም እንደ ወትሮው በየማታው የምትልክለትን ሳምቡሳ ላከች፣ የሥጋ ያልሆነውን ለይታ። እንደሻው ሳምቡሳውን እያየ ይቀመጣል እንጂ አይበላውም ብላ ወለተሥላሴ ነገረችኝ። ሁዳዴ ደግሞ ረመዳን ሳይወጣ ደረሰ፤ በዚያ ሳምንት መኪና ግርግር ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ተርቦ ይሰፋ ነበር። እንደሻው ማክሰኞ ያለውን ልብስ ረቡዕ መስጠት ጀመረ።

አንድ ቀን ኢብራሂም መኪናውን አቁሞ «ስማኝ ወንድሜ» አለው። «አንተ ሰኞ ብለህ ካላመጣህ መንገድ ተዘግቶብህ ነው። ወላሂ አልተቀየምኩም፤ ዘምዘምም አልተቀየመችም። ለይላን በሌላ ነገር እንሸፍናታለን። አትጨነቅ።»

እንደሻው ያንኑ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «መምህር፣ ኮሚቴውን አንድ ጊዜ ሰብስብልኝ።» ጠራሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ስብሰባው መካከለኛው ጋ ነው ብለው የላይኛው ሰዎች ቀሩ። ወደ ላይኛው ሳዛውረው የመካከለኛው ሰዎች ቀሩ። በሦስተኛው ባሻ ለማ ብቻ መጡ፣ እሳቸውም ስለ ከበሮው ሊከሱ ነው። ዒድ አለፈ፤ ለይላ ልትዳር ስድስት ቀን ቀራት።

የዕቃ ማስቀመጫው ቁልፍ እንደሻው አንገት ላይ ነበር። ሰኞ ረፋድ ላይ ከፍቶ ድባቡን አወጣና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በፈላና በር አልፎ መኪና ግርግር ይዞት ገባ። ሊደብቀው አልሞከረም። ቦታው ላይ ተቀምጦ ስፌቱን ፈታው፤ ክሩን አንድ በአንድ መዘዘ። ከሰል ካውያውን አሙቆ እጥፋቱን ተኮሰ። በዚያ መንገድ ላይ መኪኖች ሁሉ አንድ ላይ ሲቆሙ ያ ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጠቅልሎ የኢብራሂም ቤት ሄደ። ዘምዘም ተቀብላ አልፈታችውም፣ አላገላበጠችውም፤ እንደተጠቀለለ ሣጥኗ ውስጥ አስገባችው።

«እህቴ፣ ሰኞ ብዬሽ ነበር» አላት።

«ታዲያ ዛሬም ሰኞ አይደል?» አለችው።

ለይላ እሑድ ዕለት ተከናንባው ወጣች። እኔም ከሩቅ ቆሜ አየኋት።

እንደሻው ከዘምዘም ቤት የሄደው ቀጥታ መምሬ ሽፈራው ዘንድ ነው። «አባ፣ የባረኩትን አውጥቻለሁ፤ ንስሐ ይስጡኝ» አላቸው። መምሬ የአርባ ቀን ስግደት ሰጡት። ሲሰጡት እንዳለቀሱ ራሳቸው ነግረውኛል። ኮሚቴው ግን አላለቀሰም። ያን ጊዜ ሙሉ ሆኖ ተሰበሰበ፤ የቀረ ሰው አልነበረም። እንደሻው ከዕቃ ቤትነቱ ተሻረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እንደሻው ተሹሞም አልበላ፣ ተሽሮም አልተቆጨ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አህያዪቱ የኔ ናት» ብሎ ወጣ።

«እንግዳው ስለ ድባቡ ደብዳቤ ቢጽፉስ?» አሉ ወይዘሮ በለጡ፣ በሩ ሲዘጋ።

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ድባቡን አይጥ በላው ብለህ ጻፍ።»

ፍጹም ውሸት ነው እንዳይባል ድባብ የበላ አይጥ ነበረ፤ የቀድሞውን። ጻፍኩት፣ በጥሩ ጽሕፈት። በዚያው ስብሰባ የቆርቆሮ ሳጥን እንዲሠራ ያለ ክርክር ተወሰነ። የሚገባበት ድባብ ግን አልነበረም። በእንደሻው ቦታ ሦስት ዕቃ ቤት ተሾሙ፣ ከየአጥቢያው አንድ አንድ። በሚቀጥለው እሑድ ከበሮው ላይኛው፣ ምንጣፉ ታችኛው፣ ቅዳሴው መካከለኛው ሆኖ ዋለ።

እንደሻው ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖረ። በየሳምንቱ ተረኛው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ሲያበቃ ማንንም ሳያናግር ይመለሳል። በሰንበቴው ግን ቦታ አልነበረውም፤ የየትኛው አጥቢያ አባል እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበርና። እኔ ስገናኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ሱሪዬንም እሱ ዘንድ አሰፋለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት በሄድኩ ቁጥር ሌላ ሱሪ አዝዤ እመለስ ነበር። ብዙ ሱሪ ነበረኝ።

በ1965 ዓ.ም. በግንቦት ወር መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ኢብራሂም ነው ተሸክሞ ቤቱ ያደረሰው። ሲሞት ደግሞ ሦስቱም አጥቢያዎች የኛ ነው አሉ። የላይኛው ሰዎች አያቱ እኛ ጋ ተቀብረዋል አሉ፣ የመካከለኛው ሰዎች ቤቱ በኛ ክልል ነው አሉ፣ የታችኛው ሰዎች ደግሞ የእንደሻውን እግር የጨረሰው የኛ መንገድ ነው አሉ፤ እውነት የተናገሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ መካከለኛው እንዲሆን ተወሰነ። የሬሳ ሣጥን የሚለብሰው የቤተ ክርስቲያኑ ግምጃ ግን ያኔ በተሠራው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ላይኛው ጋ ነበር፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ታችኛው ጋ። ሰው ተልኮ እስኪመጣ ተባለና የእንደሻው ሣጥን፣ እርቃኑን፣ ደጁ ላይ ቆየ። ወለተሥላሴ ነጠላዋን አውልቃ ልታለብሰው ተነሳች።

ያን ጊዜ ለይላ በለቀስተኛው መካከል መጣች። ዘምዘም ከሁለት ዓመት በፊት አልፋ ነበር። ለይላ የልጆች እናት ሆናለች፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ከአባቷ መኪና ጎን ሱሪ ሳሰፋ ታየኝ ነበርና እጄ ላይ አኖረችው።

«መምህር፣ ጋሼ እንደሻውን እንዲህ አታውጡት» አለችኝ። «እስከ መቃብሩ ነው። ከዚያ ትመልሱልኛላችሁ፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

አለበስነው። ቀዩ ሐር እንዳለ ነበር፤ ዳር ዳሩ ያው ወርቃማ። ሬሳው ሲነሣ ግራዝማች አባይነህ፣ ያን ጊዜ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ይሄ ያ አይጥ የበላው አይደለም?»

«ነው፣ ግራዝማች።»

ሐሩን ላይና ታች አዩት። «ታዲያ ቀዳዳው የታለ?»

የሚያሾፉ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አያሾፉም ነበር። ረስተውታል። እኔ የጻፍኩትን አምነው አሥር ዓመት ኖረዋል።

መቃብሩ አፍ ደርሰን ፍትሐቱ ሲያልቅ መምሬ ሽፈራው ጠበሉን አነሱ። ሐሩን አዩና እጃቸውን መለሱ። ዕቃውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሐሩን ከሣጥኑ ላይ ገፈፉ፣ አጠፉ፣ ለእኔ ሰጡኝ። «መጀመሪያ ይሄ ይውጣ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ ነው የረጩት።

ቀብሩ እንዳለቀ ሐሩን ታቅፌ በፈላና በር ገባሁ። የለይላ ቤት ስደርስ በሩን ራሷ ከፈተች። ተቀበለችኝና እንደታጠፈ የእናቷ ሣጥን ውስጥ አስገባችው፤ አልዘረጋችውም።

«አታይውም?» አልኳት። «አንድ ነገር ነክቶት ቢሆንስ?»

«ምን አየዋለሁ?» አለች። «እናንተ የጋሼ እንደሻው ሰዎች አይደላችሁ?»

አዎ አልኳት። የአይጡ ወገን ነኝ ማለት አቃተኝ።